በላም ችካል የተለካ ረግረግ

የረግረግ ጥበቃ ኮሚሽን ሲባል ስሙ ግርማ አለው። ስሙን ብቻ ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ አንድ ሙሉ ፎቅ፣ ደጅ ላይ የተደረደሩ መኪኖች፣ ኮሪደር ላይ የሚራወጥ ሠራተኛ ይጠብቃል። ወይ ሞኝነት! ኮሚሽኑ ማለት በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ በመዝገብ ቤቱና በሽንት ቤቱ መካከል ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ቁም ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የከተማዋ ካርታ፣ ከበሩ ኋላ የተሰቀለ የዝናብ ልብስ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ጥንድ ጥቁር ቦቲ ጫማ አለ። ሠራተኛውስ? ሠራተኛዋ አንዲት ሴት ናት። ስሟን ደሞዝ ከፋዩ ያውቀው ይሆናል እንጂ ከተማው የሚያውቃት እትዬ ቦቲ ብሎ ነው።

በወረቀት ላይ ኮሚሽኑ አምስት አባላት አሉት፤ ደሞዝ የማይከፈላቸው፣ በየአስራ አምስት ቀኑ ከሥራቸው ላይ ሰዓት ሰርቀው የሚሰበሰቡ የከተማው ሰዎች። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እነሱ ይወስናሉ። የሚወስኑበትን ነገር ግን ጭቃ ውስጥ ገብታ የምትቆፍረው፣ የምትለካው፣ ካርታ የምታነሳው፣ ደብዳቤ የምትጽፈው፣ ስልክ የምትመልሰው እሷ ናት። «ኮሚሽኑን ማነጋገር ፈልጌ ነበር» የሚል ሰው ሲደውል፣ «ኮሚሽኑ ምሳዋን እየበላች ነው፣ ቶሎ በል» ትለዋለች። ረዳት ይቀጠርልኝ ብላ መጻፍ ከጀመረች አስራ አራት ዓመት ሆናት። በየዓመቱ አንድ ዓይነት መልስ ይመጣላታል፦ በሚቀጥለው በጀት ይታያል። ያ የሚቀጥለው በጀት የሚባለው ነገር የት አገር እንደሚኖር እግዜር ይወቀው፤ በዚያች ከተማ ግን አንድም ቀን አላለፈም።

ደንቡም ለብቸኛ ሰው አይራራም። ረግረግ አጠገብ መሥራት የፈለገ ሰው ያመለክታል፤ ኮሚሽኑ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠው ዝምታው እንደ እሺታ ይቆጠራል። ይህን ያወቁ ብልጣብልጦች ማመልከቻቸውን ባንድ ቀን አምስት ስድስት አድርገው ያዥጎደጉዱባታል፤ ይቺ ሴትዮ የቱን ጥላ የቱን ታንጠለጥላለች ብለው ነዋ። እሷ ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲትም አላመለጠቻትም። መናኸሪያው ሥር የነበረው ረግረግ ከእሷ በፊት ተደፍኖ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ታች ሰፈር ውሃው አልጋ ድረስ ሲገባ በዓይኗ አይታለች። ሁለተኛ በእኔ ዕድሜ አይሆንም ብላ ምላለች፤ ታማም ይሁን ደክማ ቦቲዋን አጥልቃ ትወጣለች።

ታዲያ ያን ሰሞን ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው ማመልከቻ የባዳ አልነበረም። የታናሽ እህቷ ባል ነው ያስገባው፤ ኮንትራክተሩ። ከድንጋዩ ድልድይ ማዶ መሬት ገዝቶ መጋዘንና የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊሠራበት አስቧል። በካርታው መሠረት ቦታው ከረግረጉ ውጪ ነው። ካርታውን ያነሳው ማን ሆነና! ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ራሷ ለክታ፣ ራሷ ሥላ፣ ራሷ ፈርማበታለች። አማቿም መሬቱን ከመግዛቱ በፊት ያንኑ ካርታ አገላብጦ አይቶ፣ «የእትዬ ፊርማ ካለበት ምን እፈራለሁ?» ብሎ ነው ጥሪቱን ያፈሰሰበት። እሷም ለዘመዷ አደላች እንዳትባል ማመልከቻውን ከሁሉም መጨረሻ አደረገችው። በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው፣ ለወጉ ያህል አየት አድርጌው ልምጣ ብላ አካፋዋን ይዛ የወጣችው።

ድልድዩን ተሻግራ፣ ካርታው «ረግረጉ እዚህ ያበቃል» የሚልበትን ድንበር አልፋ አስር እርምጃ እንደሄደች እግሯ ስምጥ አለ። ቆመች። ወር ሙሉ ዝናብ ጠብ አላለም። ሌላ አስር እርምጃ ሄደች፤ አሁን ቦቲዋን ነቅላ ለማውጣት አካፋውን መደገፍ ነበረባት። ጎንበስ ብላ ቆፈረች። ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ አመድማ ጭቃ፣ በአመድማው ውስጥ እንደ ዛገ ሽቦ የተበታተነ ቀይ ክር፣ ከዚያም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ። ይህን አፈር ዓይኗን ቢሸፍኗት በአፍንጫዋ ታውቀዋለች፤ ውሃ ዓመቱን ሙሉ የሚተኛበት መሬት ነው። የላይ ሰፈር ጎርፍ ወርዶ የሚሰምጠው፣ ታች ሰፈር ሳይደርስ ተውጦ የሚቀረው እዚህ ነው። ውሃ ወዳዱ ደንገልም ካርታ አላነበበም መሰለኝ፣ ከድንበሩ ማዶ ሠላሳ እርምጃ ያህል ተንሰራፍቶ ለምልሟል።

«ወይኔ!» አለች ጮክ ብላ። «በምንድን ነው የለካሁት?»

«በላሜ ነዋ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ዘወር ብትል ከድልድዩ ሥር ከብት የሚያውሉት አሮጊት ናቸው፤ ሰው ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ዱላቸውን ተደግፈው ፈገግ ብለው ያዩዋታል።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«በላሜ ነው የለካሽው አልኩሽ። ያኔ፣ ያቺ ዳለቻ ላሜ በነበረችበት ዘመን። ብቻሽን መጣሽ። ያን ረጅሙን ሜትርሽን ከድልድዩ አጠገብ ካለ ችካል ላይ አሰርሽ። ችካሉ የላሜ ነው። አንቺ ሜትሩን እየዘረጋሽ ወዲህ ስትሄጂ፣ ላሚቱ ችካሉን ነቅላ እየጎተተች በደንገሉ መሃል ተከተለችሽ። ከዚያ ወጠር አድርገሽ ቁጥሩን አየሽና ጻፍሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ስትቆፍሪ ላሚቱን መለስኳትና ችካሉን ከነበረበት ተከልኩልሽ። አንቺም ሜትርሽን ፈትተሽ ሄድሽ። ባለጌ አይደለሁም እኮ!»

«ታዲያ እማማ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት አይነግሩኝም?»

«እኔ ምን አውቄ? የመንግሥት ሥራ ነው፣ ይኼም አንድ ዘዴ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

እትዬ ቦቲ አካፋዋን ተደግፋ ሳቀች። ስቃ ስቃ ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። ያ ቀን ትዝ አላት፤ የሦስት ማመልከቻ ቀነ ገደብ ባንድ ቀን ሊያበቃባት፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሆዷ ባዶ፣ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝላት አንድ ሰው ጠፍቶ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእሷ ደግሞ በአስራ አንድ ዓመቱ ተፈታ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ የሜትሩን ጫፍ ከራሱ ከድልድዩ ድንጋይ ጋር አስራ እንደገና ለካች። ካርታው ሃምሳ ሜትር ይላል። ሰማንያ አንድ ሆነ። ሠላሳ አንድ ሜትር ረግረግ ከካርታው ውጪ ቀርቷል፤ የአማቿ መጋዘን የሚሠራው ደግሞ ልክ በዚያ ላይ ነው።

ምን ማድረግ እንዳለባት ወዲያው ገባት። የገባት ነገር ግን አላስደሰታትም። ከተናገረች ከንቲባው ያገኛታል። ሰውዬው ያቺን ክፍል ዘግቶ ኮሚሽኑን ከግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሥር ሊወሽቀው ምክንያት ሲፈልግ ነው የከረመው፤ እሷም ለጡረታ የቀሯት ሁለት ዓመታት ብቻ ናቸው። ዝም ካለች ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ካርታው እንዳለ ይጸናል፣ የአፈር መኪኖች ይመጣሉ፣ በክረምቱ ታች ሰፈር እንደገና አልጋ ላይ ውሃ ይገባል። ቢሮ ሳትመለስ ከዚያው ከድልድዩ ላይ ለአማቿ ደወለች። ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማው አልፈለገችም። ነገሩን ከነላሟ አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እህቷ እየሮጠች መጣች። እትዬ ቦቲ ከጓሮዋ የውሃ ቧንቧ ሥር ቦቲዋን እያጠበች ነበር።

«እትዬ፣ አበድሽ እንዴ?»

«ተሳስቻለሁ። መሳሳቴን ልናገር ነው።»

«ማን ጠየቀሽ? ካርታው አለ፣ ፊርማሽ አለ። ዋሺ አላልኩሽም፣ ዝም በይ ነው የምልሽ። ዝም ማለት ምን ያቅታል? ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባል የለ? አስራ አምስት ዓመት የለፋበትን ነው እዚያ መሬት ላይ ያፈሰሰው!»

«አውቃለሁ። እሱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንንም እናገራለሁ።»

«ሁለት ዓመት ነው እኮ የቀረሽ! ያ ሰውዬ የሚያባርርሽበት ሰበብ አጥቶ ነው እንጂ... በገዛ እጅሽ ልትሰጪው? ከራስ በላይ ንፋስ ነው እትዬ።»

እትዬ ቦቲ ቧንቧውን ዘጋችው። «ስሚ እንግዲህ። ሃያ ሁለት ዓመት ለስንቱ ሰው አይሆንም ብያለሁ? ለጎረቤቴ አይሆንም ብያለሁ። ላከመኝ ሐኪም አይሆንም ብያለሁ። ያን ሁሉ ሰው አስቀይሜ፣ የራሴ ሰው ጋ ሲደርስ አፌን ልያዝ? ካርታው ውሸት ነው። የኔ ፊርማ ያለበት ውሸት ነው። ያን ታቅፌ ጡረታ አልወጣም፤ አልችልም፣ አልፈልግምም!»

እህቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ ስታለቅስ ማየት እስከዛሬም አይሆንላትም። ልቀፋት ብላ እጇን ብትዘረጋ እህቷ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ባሌ ከእንግዲህ ደጅሽን አይረግጥም» አለቻት፤ «እኔም እንጃ።»

በሠላሳኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ወሬ እግር አለው፤ ታች ሰፈር ሥራውን ትቶ መጥቷል። ከአምስቱ የኮሚሽን አባላት ሦስቱ ተገኝተዋል፤ ሦስት ከተገኙ መወሰን ይቻላል። መምህሩ መሃል፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት በቀኛቸው፣ አንድ ልብስ ሰፊ በግራቸው ተቀምጠዋል። ከንቲባው ከፊተኛው ረድፍ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ኮንትራክተሩና ሚስቱ ግድግዳውን ተጠግተዋል፤ ሁለቱም ወደ እትዬ ቦቲ አያዩም።

እሷ ተነስታ ሁሉንም ተናገረች፤ ችካሉን፣ ላሟን፣ ሠላሳ አንዱን ሜትር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ «አማቴ ካርታዬን አምኖ ነው የገዛው፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። መሬቱ ግን ረግረግ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ይደረግ» አለችና አበቃች።

ከንቲባው ተነሳ። «ክቡራን» አለ፣ «እኔ ዕድሜዬን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የተፈረመበት ካርታ በላም ይሻር? ይኼ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው!»

«ኧረ ውላለች!» አሉ እማማ ከኋላ ረድፍ ተነስተው። «የኔው ላም ናት፣ እዚያው ነው ስትውል የኖረችው!»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ከንቲባው ግን ፊቱ ቀላ። «እንግዲያው ይምረጡ፣ ወይዘሮ» አላት። «ካርታዎ ልክ ከሆነ ሰውየው ፈቃዱን ያግኝ። ልክ ካልሆነ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩት ሁሉ ቆሻሻ ነው፣ ቢሮው ይዘጋ።»

እዚህ ላይ ደሟ ፈላ። ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ወረቀት አወጣች።

«ሁለቱንም አልመርጥም» አለች። «ይኸው አስራ አራት ደብዳቤ ነው። ሜትር ሁለት ጫፍ አለው፣ አንድ የሚይዝልኝ ሰው ስጡኝ ብዬ አስራ አራት ጊዜ ጻፍኩ። አስራ አራት ጊዜ ‹በሚቀጥለው በጀት ይታያል› አላችሁኝ። እናንተ ረዳት ብትከለክሉኝ ላሚቱ ረዳችኝ! እሷ እንኳን የአቅሟን አድርጋለች!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከንቲባው እጁን አወናጨፈ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የራስዎን ስህተት በእኛ ያላክካሉ?»

«አላላክክም። ፊርማው የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ ቅጣቱንም እቀበላለሁ። ቅጣቱ ግን በእኔ ላይ ይሁን፤ በታች ሰፈር አልጋ ላይ አይሁን!»

መምህሩ ጠረጴዛውን በእርሳሳቸው ቆጥቆጥ አደረጉ። «ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ። «የተፈረመ ካርታ የሚታረመው ሁለት ሰው ሜትሩን ይዞ፣ አባላቱ ባሉበት ሲለካ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከቢሮው ውጪ የሆነ ሰው መሆን አለበት። ዛሬ ደግሞ ሠላሳኛው ቀን ነው። ዛሬ ካልተለካ ማመልከቻው በዝምታ ያልፋል።»

«እኔ ከማዘጋጃ ቤቱ አንድም ሰው አልሰጥም» አለ ከንቲባው ፈጠን ብሎ።

«ማን ጠየቀዎ!» አለችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረችና ጣቷን ቀሰረች። «አንተ ያዝልኝ።»

ኮንትራክተሩ ቀና አለ። «እኔ?»

«አንተ። የምትከስረው አንተ ነህ። እኔ ዜሮውን ድልድዩ ላይ እይዛለሁ፤ አንተ ጥቅልሉን ይዘህ ሂድና ቁጥሩን ራስህ አንብብ። ያልከውን እጽፋለሁ። ሃምሳ ካልክ ሃምሳ፣ መቶ ካልክ መቶ።»

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አሉ መምህሩ ወደ እሷ አጎንብሰው። ሰውየው ቁጥሩን ቢቀንስ ሁሉ ነገር እንደሚጠፋ እሷም ታውቃለች። ግን ደግሞ ሰውየውን ታውቀዋለች። ከግንበኝነት ተነስቶ ነው ኮንትራክተር የሆነው። አንድ ጊዜ ገንብቶ የጨረሰውን ግድግዳ ሁለት ጣት ዘመመ ብሎ፣ የቤቱ ባለቤት «ኧረ ተወው፣ ማንም አያየውም» እያለ ሲለምነው፣ በራሱ ወጪ አፍርሶ ገንብቶታል። ሰው ይዋሻል፣ ሜትር ግን አይዋሽም የሚለው ነገር ከአፉ አይጠፋም።

«ነኝ» አለች።

ድልድዩ ከማዘጋጃ ቤቱ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። አዳራሹ ተገልብጦ ተከተላቸው። እትዬ ቦቲ ከድንጋዩ ላይ ተንበርክካ የሜትሩን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች፤ መምህሩ አጠገቧ ቆሙ። ኮንትራክተሩ በተወለወለ ጥቁር ጫማው፣ ክራቫቱን እንኳን ሳይፈታ፣ ጥቅልሉን እየተረተረ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ሃምሳው ጋ ሲደርስ አላቆመም። ሃምሳን አልፎ ግራ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ነቅሎ በእጁ ይዞ ቀጠለ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤትና ልብስ ሰፊው ከማዶ ዞረው በአካፋ እየቆፈሩ መጡ። አመድማው ጭቃ የሚያልቅበት ላይ ደርሰው አሸተቱ፣ ተማከሩ፣ ቀጭን እንጨት ተከሉ።

ኮንትራክተሩ እንጨቱ ላይ ደርሶ ሜትሩን ወጠረው። ውጥረቱ ለእትዬ ቦቲ እጇ ላይ ተሰማት፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው አወጣጠር ነው። ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ያዘውና አየው። ጎንበስ ብሎ እንደገና አየው። ሚስቱ ድልድዩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከንቲባው ሰዓቱን ያያል። እትዬ ቦቲ ጉልበቷ ድንጋዩ ላይ ቆስሎ፣ ሰውየው ሃምሳ ቢል ምን እንደምትል አሰበች። እጽፋለሁ ብላለችና ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ ግን በሕይወቷ የማንንም ዓይን የምታይ አልመሰላትም።

«ሰማንያ አንድ!» ብሎ ጮኸ ኮንትራክተሩ።

ሕዝቡ ገና እልል ሊል አፉን ሲከፍት፣ ድምፁ እንደገና መጣ፤ የተናደደ፣ የጎረነነ ድምፅ። «ከአስራ ሁለት!»

አስራ ሁለቷን ሴንቲሜትር ማንም አልጠየቀውም ነበር። እትዬ ቦቲ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘች አለቀሰች። አማቿን አክስራዋለች፤ እሱም ይህን እያወቀ ከነሴንቲሜትሩ አነበበላት። እህቷም ድልድዩ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ለባሏ ይሁን ለመሬቱ ራሷም አታውቅም።

ሦስቱ አባላት እዚያው ቆመው እጃቸውን አወጡ። ካርታው እንዲታረም፣ ማመልከቻው ውድቅ እንዲሆን ወሰኑ። አማቿ ለደረሰበት ኪሳራም ማዘጋጃ ቤቱ እንዲጠየቅ መምህሩ በቃለ ጉባዔው ላይ አስመዘገቡ። ከንቲባው መሃረቡን አውጥቶ ላቡን ጠረገ።

«እሺ» አለ። «እርስዎ ግን፣ ወይዘሮ፣ ባመኑት ጥፋት ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከሥራ ታግደዋል። ደብዳቤው ይደርስዎታል። ፊርማዎ ከነገ ጀምሮ ዋጋ የለውም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እትዬ ቦቲ ግን ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች። «መምህር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከሩብ» አሉ መምህሩ።

«እንግዲያው እስከ አስራ አንድ ተኩል ሠራተኛ ነኝ» አለች። ካርታውን ድልድዩ ዳር የቆመ መኪና አፍንጫ ላይ ዘረጋችው፤ መኪናው የራሱ የከንቲባው ነው። ሃምሳውን ሰርዛ ሰማንያ አንድ ነጥብ አስራ ሁለት ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተሙን ከቦርሳዋ አውጥታ መታችበት። ከዚያ ሌላ ካርታ አወጣች። «ብቻዬን የለካኋቸው ሌሎች ሰባት ድንበሮች አሉ። ላም ጎትታቸው ይሁን ፍየል አላውቅም። አንደኛው ይኸው ከድልድዩ ወዲህ ነው። ማኅተሙን እስክትቀሙኝ ድረስ የደረስኩበትን አርማለሁ።»

«ማን ሊይዝልዎ?» አለ ከንቲባው። «ሰው አልሰጥም ብያለሁ።»

«ካጣሁ ብቻዬን እለካለሁ!»

ይህን ጊዜ ከደንገሉ ውስጥ አንድ ሰው እየተንቦራጨቀ ወጣ። ኮንትራክተሩ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፣ በአንድ እጁ ጫማውን፣ በሌላው የሜትሩን ጥቅልል ይዟል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ከዘጋባት ወዲህ አዳራሽ ውስጥ ካላት ከዚያች አንዲት ቃል በቀር አላናገራትም፤ አሁንም ዓይኗን አላያትም። አልፏት ሄደና፣ ጥቂት እንደራቀ ጫማውን መሬት ላይ ወርውሮ ዞረባት።

«ብቻሽን? ኧረ ባክሽ! ብቻሽን ለክተሽ ምን እንዳደረግሽኝ አየሁት እኮ! በይ ቁሚ እዚያው፣ ጫፉን ጠበቅ አድርገሽ ያዥ!»